የካርቶን ሽጉጥና የሰው ድምፅ

እ.ኤ.አ. በ1973 ሚላኖ ውስጥ አንድ ሸክላ ለገበያ ዋለ። ሸክላውን የገዛ ሰው ሽፋኑን ሲከፍት፣ ገና ሙዚቃውን ሳይሰማ፣ ከካርቶን የተቆረጠ ሽጉጥ እጁ ላይ ዱብ ይላል። በሽፋኑ ላይ የተጻፈው ርእስ ጀርመንኛ ነው፤ «አርባይት ማኽት ፍራይ» ይላል፤ «ሥራ ነፃ ያወጣል» ማለት ነው። ናዚዎች በዳኻውና በአውሽቪትዝ ማጎሪያዎች በር ላይ በብረት አሠርተው በሚገባው እስረኛ ሁሉ የተሣለቁበት ቃል ነው። ሸክላው መዞር ሲጀምር ደግሞ፣ ጆሮ ጊታር ወይም ከበሮ ሲጠብቅ፣ አንዲት ሴት ያለ ምንም አጀብ በዐረብኛ መናገር ትጀምራለች። ስድስት ሥራዎችን የያዘው ይህ ሸክላ «አሬአ» የተባለው የጣሊያን ቡድን የበኩር ሥራ ነው። አሬአ ራሱን «ዓለም አቀፍ ሕዝባዊ ቡድን» ብሎ የሰየመ፣ ሮክንና ጃዝን ከባልካንና ከምሥራቅ ሜዲትራንያን ዜማ ጋር ያጋባ ቡድን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ ተቆጥሯል። በሸክላው ዙሪያ የተከፈተው ሙግት ግን ዛሬም አልተዘጋም፤ ሊዘጋም አይገባውም። ኪነ ጥበብ ለሕዝብ ይቁም በተባለበት አገር ሁሉ፣ በየስብሰባው አዳራሽና በየመምህራን ክፍሉ የተነሣው ጥያቄ በእነዚህ ስድስት ሥራዎች ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛልና። ለሕዝብ የቆመ ሙዚቃ ለጆሮ ቀላል መሆን አለበትን?

በአንድ በኩል «አዎን፣ አለበት» የሚሉ ወገኖች አሉ። እንደ እነርሱ አባባል የአሬአ ዓላማ ቀና፣ ሙዚቃው ግን የንኡስ ከበርቴ ጫጫታ ነው፤ ፋብሪካ ውሎ የደከመ ወዛደር ምቱ የሚሰናከልበትን፣ ሳክስፎኑ የሚጮህበትን ሥራ ሊያዳምጥ አይችልም። በሌላ በኩል ደግሞ ሸክላውን በብርቅዬ ዕቃነት የሚሰበስቡ፣ የጊታሩን ፍጥነትና የከበሮውን ረቂቅነት የሚያደንቁ ወገኖች አሉ። «መፈክሩን ተዉት፣ ጣቶቹን ስሙ» ይላሉ። የዛሬው ገበያ የእነዚህኛዎቹ ነው። የመጀመሪያውን እትም የሚሸጥ ነጋዴ ስለ ዜማው ከመጠየቁ በፊት ሽጉጡ በውስጡ መኖር አለመኖሩን ይጠየቃል።

ሁለቱ ወገኖች ጠላቶች ይምሰሉ እንጂ የሚኖሩት በአንድ ጣሪያ ሥር ነው። ሁለቱም መልእክቱ በቃሉ፣ ጥበቡ በድምፁ ብቻ ያለ ይመስላቸዋል። አንደኛው ወገን ድምፁን ጥሎ ቃሉን፣ ሌላው ቃሉን ጥሎ ድምፁን ይዞ ይሄዳል። እንግዲህ ሁለቱንም በየተራ መሞገት ያስፈልጋል፤ ከዚያም ሁለቱም ያላነሡት፣ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን ከሁሉ የሚቀርበው ክስ በራሱ በሸክላው ላይ መቅረብ አለበት።

አስቀድሞ ግን ሰዎቹ እነማን ናቸው? የቡድኑ ድምፅ የነበረው ዴሜትሪዮ ስትራቶስ በ1945 ከግሪክ ወላጆች በግብፅ እስክንድርያ ተወለደ። የኦርቶዶክስ ቅዳሴ ዜማና የዐረብ ሙዚቃ እኩል በሚሰሙበት ከተማ አደገ፤ በልጅነቱ ወደ ቆጵሮስ ተሻገረ፤ በ1962 ሥነ ሕንፃ ሊማር ሚላኖ ገባ። እዚያም «ኢ ሪቤሊ» ከተባለ ቡድን ጋር በ1967 የሠራው የፍቅር ዘፈን በመላው ጣሊያን ተደምጧል። ይህን ልብ ማለት ይገባል። ስትራቶስ ቀላሉን መንገድ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ሄዶበት፣ ጨብጨባውን ቀምሶ፣ የተመለሰ ነው። ከበሮ መቺው ጁሊዮ ካፒዮትሶ፣ የፒያኖና የሲንተሳይዘር ተጫዋቹ ፓትሪትሲዮ ፋሪዜሊ፣ ጊታሪስቱ ፓኦሎ ቶፋኒ፣ ባስ ተጫዋቹ ፓትሪክ ጂቫስና ሳክስፎን ተጫዋቹ ቪክተር ቡስኔሎ ከእርሱ ጋር በዚህ የመጀመሪያ ሸክላ ላይ ተሰለፉ። የዘፈኖቹ ግጥም ደራሲ በሽፋኑ ላይ «ፍራንከንስታይን» በሚል የብዕር ስም ተመዝግቧል። ከስሙ በስተጀርባ ያለው የሸክላው አሳታሚ ጃኒ ሳሲ ነው። ሳሲ ከማስታወቂያና ከሥዕላዊ ንድፍ ሙያ የመጣ ሰው ሲሆን፣ የመሠረተው «ክራምፕስ» የተባለ ድርጅት ያሳተመው የመጀመሪያ ሸክላም ይኸው ነበር። ይህም ወደ ኋላ ይፈለጋል።

አሁን ወደ መጀመሪያዎቹ ወገኖች። መነሻቸው ክፉ አይደለም። በ1960ዎቹ ጣሊያን ውስጥ «ኑኦቮ ካንዞኒዬሬ ኢታሊያኖ» የተባለው የዘፋኞችና የተመራማሪዎች ስብስብ የገበሬውን፣ በሩዝ ማሳ አረም የሚነቅሉትን ሴቶችና የወዛደሩን ዘፈን ከየመንደሩ ለቅሞ መድረክ ላይ አውጥቷል። አንድ ጊታር፣ አንድ ድምፅ፣ ሁሉም የሚቀበለው አዝማች። የተከበረ ሥራ ነበር። ስሕተቱ የተጀመረው ከዚህ መልካም ሥራ ሕግ ለማውጣት በተሞከረ ጊዜ ነው። ሕዝቡ ዘፈኑን በጊታርና በቀላል አዝማች ዘፈነ ተብሎ፣ ሕዝቡ ሌላ ሊሰማ አይችልም ወደሚል ብያኔ ተደረሰ። የማይገባው ሕዝቡ መሆኑን ማን መሰከረ? የመሰከረው ሕዝቡ አይደለም። የመሰከረው ስለ ሕዝቡ የሚናገረው ሰው ነው፤ ያልገባውም ብዙውን ጊዜ እርሱው ራሱ ነው።

የሸክላውን የመጀመሪያ ሥራ ብቻ መመልከት ይበቃል። ርእሱ «ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም (ጥቁር)» ይባላል። የሴቲቱ ንግግር ሲያበቃ ፈንጠር ፈንጠር የሚል፣ ከባልካን ሕዝብ ዘፈን የተቀዳ ዜማ ብቅ ይላል። ምቱ እኩል እኩል አይረግጥም። በባልካን ሙዚቃ አጭር እርምጃ በሁለት፣ ረጅም እርምጃ በሦስት እየተቆጠረ አንዱ ከአንዱ ይቀጣጠልና ሰባት፣ ዘጠኝ፣ ዐሥራ አንድ ምት ያለው ዙር ይፈጠራል። በወታደር ሰልፍ ልክ፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ እያለ ሊራመድበት የሚሞክር ሰው በራሱ እግር ይጠለፋል። የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪ ይህን ለመጫወት ወራት ይለማመድበታል። በመቄዶንያና በቡልጋሪያ መንደሮች ግን አሮጊቶች በሠርግ ቤት እጅ ለእጅ ተያይዘው ይጨፍሩበታል፤ አንዲቷም ስትቆጥር አትታይም። ታዲያ «ከባድ» የተባለው ሙዚቃ ለማን ነው የከበደው? በአራት ብቻ እየተቆጠረ በሬዲዮ የቀረበለትን ሲቀበል ለኖረው የከተማ ጆሮ ነው። አሬአ ያንን ምት ከገበሬው ወስዶ በኤሌክትሪክ ጊታርና በሲንተሳይዘር ለወዛደሩ ልጅ አቀበለው። ይህን የንኡስ ከበርቴ ጫጫታ የሚል ሐያሲ ገበሬውንም አብሮ ሰደበ።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩ ረጅም ማስረጃ አያሻውም። በጠጅ ቤት ጥግ የተቀመጠ፣ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ አዝማሪው በአንድ እስትንፋስ የወረወረውን ሰምና ወርቅ ሳይውል ሳያድር ይፈታል፤ ፈትቶም ይሥቃል፤ ሥቆም የራሱን ይጨምርበታል። ዲግሪ ያለው እንግዳ አጠገቡ ተቀምጦ «ምን አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ሕዝቡ ከጥበብ የሚሸሸው ጥበቡ ስለ ከበደው አይደለም፤ የሚሸሸው ጥበቡ የእርሱን ጉዳይ የማይናገር በሆነ ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ጥቂት ማለት ይገባል። ይህ ዓይነቱ ሮክ በእንግሊዝኛ «ፕሮግሬሲቭ» ይባላል፤ በአማርኛ ሲመለስ «ተራማጅ» ይሆናል። ቃሉ ግን ማንንም አያታልል። በዚያን ዘመን «ተራማጅ» የተባሉት የእንግሊዝ ቡድኖች አብዛኞቹ የተራመዱት ከሦስት ደቂቃ ዘፈን ወደ ሃያ ደቂቃ ዘፈን ነበር። ስለ ተረትና ስለ ጠፈር ዘፈኑ፤ የኪቦርዱን ክምር ከፍ አደረጉ። ጃዝን ከሮክ ያዳቀሉትም ቢሆኑ ማይልስ ዴቪስ በ1970 በር ከከፈተላቸው በኋላ ብዙዎቹ ወደ ፍጥነት እሽቅድምድም ገቡ። የማሃቪሽኑ ኦርኬስትራ በ1971 ያወጣው የመጀመሪያ ሸክላ ድንቅ ነው፤ የተከታዮቹ ሸክላዎች ግን በአብዛኛው ሯጭ ሰዓቱን ሲያሻሽል እንደ ማየት ናቸው። አሬአ ከእነዚህ የሚለየው በችሎታ ማነስ ወይም መብለጥ አይደለም። ያልተስተካከለውን ምት የመረጠበት ምክንያት ስለነበረው ነው። የሰሜን ጣሊያን ወጣት ወደ ለንደንና ወደ ኒውዮርክ ብቻ እንዲያይ በተደረገበት ዘመን፣ ፊቱን ወደ ሳሎኒካ፣ ወደ ቤይሩትና ወደ እስክንድርያ አዞረው። የመጨረሻው ሥራ «የዘፔሊኑ መውደቅ» ይባላል። ብዙዎች ርእሱን በእንግሊዙ ቡድን በሌድ ዘፔሊን ላይ እንደ ተወረወረ ጦር ያነቡታል። ይኸው ቡድን በ1971 ሚላኖ ሲመጣ ፖሊስ አስለቃሽ ጢስ ተኩሶ ትርኢቱ በመሀል መቋረጡ ሲታወስ፣ ርእሱ ለከተማዋ ወጣቶች ምን ያህል እንደ ተሰማቸው መገመት አያዳግትም።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛዎቹ ወገኖች፣ ወደ ሰብሳቢዎቹና ወደ ጣት ቆጣሪዎቹ እንምጣ ቢባል፣ እነርሱን ለመርታት የሴቲቱ ድምፅ ብቻ ይበቃል። ያ ድምፅ የሙዚቃ መግቢያ ጌጥ ነው ይላሉ። ሴቲቱ ግን የምትናገረው ነገር አለ። ወዳጇን ቁጣውን፣ ሕመሙን፣ መሣሪያውንም ትቶ ወደ እርሷ እንዲመጣና አብረው እንዲኖሩ ትለምናለች። የዘፈኑ ርእስ የሚያስታውሰው የ1970ውን መስከረም ነው። በዚያ ወር የዮርዳኖስ ንጉሥ የሑሴን ጦር በፍልስጤም ተዋጊዎች ላይ ዘምቶ ብዙ ሰው አልቋል። በዚያ ወር ስም የተጠራ ድርጅት ደግሞ በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ 11 የእስራኤል ቡድን አባላት የተገደሉበትን ጥቃት ፈጸመ። ሸክላው የወጣው ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት ነው። ይህን ሁሉ «ተዉት» ብሎ ጊታሩን ብቻ መስማት የሚቻል አይደለም፤ ምክንያቱም ከሴቲቱ ልመና በኋላ የሚመጣው ዜማ፣ በመሀሉ ተሰባብሮ ወደ ትርምስ የሚገባው፣ ከትርምሱም እንደገና ተሰብስቦ የሚነሣው፣ ለዚያ ልመና የተሰጠ መልስ ነው። ልመናው ካልተሰማ ትርምሱ የመሣሪያ ፉክክር ይመስላል። ልመናው ከተሰማ ግን መሣሪያውን ያልጣለው ወዳጅ ነው የሚሰማው።

ነገር ግን እዚህ ላይ ሸክላው ራሱ መጠየቅ አለበት።

ከሽፋኑ ውስጥ የሚወጣው የካርቶን ሽጉጥና በሸክላው ላይ የሚሰማው የመጀመሪያው የሰው ድምፅ አይስማሙም። አንዱ «ያዝ» ይላል፤ አንዷ «ጣል» ትላለች። በ1973 ጣሊያን ውስጥ ዐረብኛ የሚያውቅ ገዢ ጥቂት ነበር፤ ሽጉጥ የማያውቅ ግን አልነበረም። ስለዚህ የሴቲቱ ልመና ለብዙዎች ባዕድ ዜማ ሆኖ ሲያልፍ፣ ሽጉጡ ያለ አስተርጓሚ ተነበበ። ጥበበኛ ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን ጎን ለጎን ማቆም ይችላል፤ ይገባዋልም። ተቃርኖው ግን ለአድማጩ እኩል መታየት አለበት። ግማሹ በሚነበብ፣ ግማሹ በማይነበብ ፊደል የተጻፈ ተቃርኖ ቅኔ ሊባል አይችልም፤ ሰሙ ለአንዱ ወርቁ ለሌላው ተሰጥቷልና።

የዚህም ኃላፊነት በሳሲ ላይ ይወድቃል። ሳሲ ብሩህ ሰው እንደ ነበር አይካድም። በ1974 የጆን ኬጅን ሥራ በክራምፕስ ያሳተመ፣ ለማንም የማይሸጥ የመሰለውን ጥበብ በድፍረት አደባባይ ያወጣ ሰው ነው። የማስታወቂያ ባለሙያ ግን አንድ ልማድ አለው። የሚያስደነግጥ ምስል ካገኘ ወዴት እንደሚያደርስ አይጠይቅም። በታኅሣሥ 1969 በሚላኖ ፒያሳ ፎንታና በፈነዳው ቦምብ 17 ሰዎች የሞቱበት አገር ነበር። ሸክላው ከወጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት ደግሞ ከቀኝም ከግራም እውነተኛ ሽጉጥ የያዙ እጆች በሚላኖ፣ በቶሪኖና በሮማ ጎዳናዎች ላይ ዳኞችን፣ ጋዜጠኞችን፣ የፋብሪካ ሠራተኞችን ገድለዋል፤ በ1978ም አልዶ ሞሮ ታፍኖ ተገድሏል። አንድ ካርቶን ያንን ሁሉ ደም አመጣ የሚል ሰው ቢኖር ይዋሻል። ዳሩ ግን ሙዚቀኞቹ በድምፅ የሠሩት ሥራ በዚያ ሁሉ መሀል ክብሩን ሳያጣ ሲቆይ፣ ካርቶኑ ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ቀልድ መሆኑ ቀረ። ዛሬ ደግሞ በሰብሳቢ መስታወት ውስጥ ተቀምጦ ዋጋ ይጨምራል። መፈክር ከድምፅ ተነጥሎ ሲቆም ዕጣው ይኸው ነው፤ ወይ ይገድላል፣ ወይ ይሸጣል።

ርእሱስ? «ሥራ ነፃ ያወጣል» የሚለውን የማጎሪያ በር ቃል ወስዶ በፋብሪካው በር ላይ መስቀል ነበር ዓላማው። ከ1969ኙ «ትኩስ መጸው» ከተባለው የሥራ ማቆም ማዕበል ወዲህ የጣሊያን ወዛደር «ይህ ሥራ ነፃ አያወጣኝም» ማለት ጀምሮ ነበርና፣ ርእሱ ለጊዜው ስሜት ቅርብ ነበር። ያም ሆኖ ፋብሪካ ማጎሪያ አይደለም። ከፋብሪካ በር የገባ ሰው ማታ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ማኅበር ያቋቁማል፤ ሥራ ያቆማል። ከአውሽቪትዝ የተረፈው የቶሪኖው ኬሚስት ፕሪሞ ሌቪ በ1947 ባሳተመው መጽሐፍ የማጎሪያ ሥራ ምን እንደ ነበር በዝግታና በጥንቃቄ፣ አንዲት ቃል ሳያጋንን ጽፏል። ሌቪ ከማጎሪያው ከተመለሰ በኋላ በቀለም ፋብሪካ ውስጥ ለዓመታት የሠራ ሰው ነው፤ ሁለቱን የሚያምታታ አልነበረም።

ከዚህም የሚብስ አለ። የጣሊያን ጥበበኛ የማጎሪያ በር ቢፈልግ እስከ ጀርመን መሄድ አያስፈልገውም ነበር። በቀይ ባሕር በዳህላክ ደሴቶች መካከል ኖክራ ነበረች፤ ከሞቃዲሾ ብዙም ሳይርቅ ዳናኔ ነበረ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ከአዲስ አበባና ከሌላውም አካባቢ የታፈሱ ኢትዮጵያውያን፣ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ፣ ወደ እነዚህ ማጎሪያዎች ተግዘዋል፤ በረሃብ፣ በወባና በተበከለ ውኃ ያለቁት ብዙ ናቸው። በእነዚያ በሮች ላይ በብረት የተጻፈ መፈክር ስላልነበረ ለሸክላ ርእስ አላመቹም ይሆናል። አሬአ ወደ ፍልስጤም፣ ወደ ባልካን፣ ወደ ሰምርኔስ ያማተረ ቡድን ነበር። ዓይኑ የሜዲትራንያንን ዳርቻ በሙሉ ዞሮ፣ አባቶቹ የዘመቱበትን ባሕር ግን ዘለለው። አለማወቅ ነው እንዳይባል፣ የጣሊያኑ ታሪክ ጸሐፊ አንጄሎ ዴል ቦካ ስለ ኢትዮጵያው ጦርነት የጻፈውን መጽሐፍ ካሳተመ በ1973 ስምንት ዓመት ሞልቶት ነበር። ዴል ቦካ በገዛ አገሩ «ከሐዲ» እየተባለ ተሰድቧል። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር በኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጋዝ መጣሉን በይፋ ያመነው በ1996 ነው። ተራማጅ ነኝ የሚለው የጣሊያን ጥበብ ከመንግሥቱ ቀድሞ ይህን ሊናገር በተገባው ነበር። የሌላውን ወንጀል በር ሥሎ በራስ ጓዳ በር ላይ መጋረጃ መጣል፣ ምንም ያህል ጮክ ተብሎ ቢዘፈን፣ ድፍረት አይባልም።

ይህን ክስ የሰማ አንባቢ «እንግዲያው ሸክላው ይጣል» ይል ይሆናል። አይጣልም። እስካሁን የተከሰሰው ሁሉ በወረቀት ላይ ያለው ነው፤ ርእሱ፣ ሽጉጡ፣ ሽፋኑ። በሸክላው ጠርዝ ተቀርጾ በመርፌ የሚነበበው ሌላ ነገር ነው።

ርእሱን የተሸከመው ሁለተኛው ሥራ በተበታተነ የከበሮ ድምፅ ይጀምራል። ምት ገና አልተወለደም፤ አንድ ሰው በጨለማ ቤት ውስጥ ዕቃ ሲዳብስ የሚመስል ድምፅ ነው። ከዚያ ባሱ ይመጣል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ እግር ያወጣል። ሦስተኛው ሥራ «ንቃት» ይባላል። ቃሉን በየሳምንቱ የጥናት ክበብ ሲሰማ ያደገ አንባቢ ፈገግ ሊል ይችላል። ዳሩ ግን በዚህ ሥራ ውስጥ ንቃት የሚሰበክ ትምህርት አልሆነም። ስትራቶስ ቃሉን በዝግታ ጀምሮ ድምፁን ከጉሮሮው ሥር እየጎተተ ወደ ላይ ሲያወጣው፣ የሚነቃ ሰው ምን እንደሚያመው ያሰማል። በአምስተኛው ሥራ፣ «ከሰምርኔስ 240 ኪሎ ሜትር» በሚለው፣ ማንም አይዘፍንም። ሰምርኔስ፣ በዮሐንስ ራእይ ደብዳቤ የተጻፈላት፣ የዛሬዋ ኢዝሚር ናት። በ1922 በእሳት ስትጋይ ግሪካውያንና አርመናውያን ነዋሪዎቿ ወደ ወደቡ ሸሽተው መርከብ ሲለምኑ ታይተዋል። ከግሪክ ወላጆች የተወለደው ዘፋኝ በዚህ ሥራ ላይ ዝም ይላል፤ ሳክስፎኑና ባሱ ይነጋገራሉ። ርቀቱ ተነግሯል፤ መድረስ ግን አልተነገረም። ከሸክላው ሁሉ ለመፈክር ከሁሉ የራቀ፣ ለሐዘን ከሁሉ የቀረበ ሥራ ይህ ነው። ሳሲ ግጥም ያልጻፈበት መሆኑም ያጋጣሚ አይመስልም።

የስትራቶስን ድምፅ ማስረዳት ያዳግታል። ጮኸ ማለት ቀላል ነው፤ ብዙ የሮክ ዘፋኞች ጮኸዋል። ስትራቶስ የጮኸው ግን ለማስፈራራት አልነበረም። ሕፃን ልጁ ገና ቃል ሳትይዝ በአፏ የምታወጣውን የድምፅ ብዛት ያስተውል ነበር፤ ቋንቋ መማር ስትጀምር ከዚያ ብዛት አብዛኛው ሲጠፋ አየ። ሰው ለመናገር ሲል ምን ያህል ድምፅ እንደሚያጣ ከዚያ ተረዳ፤ የቀረውንም ዕድሜውን የጠፋውን በመፈለግ አሳለፈ። በፓዶቫ ከድምፅ ተመራማሪዎች ጋር ሠራ። በአንድ ጉሮሮ ሁለትና ከዚያ በላይ ድምፅ በአንድ ጊዜ የማውጣትን ጥበብ አጠና፤ በ1976 «ሜትሮዶራ»ን፣ በ1978 «ካንታሬ ላ ቮቼ»ን አሳተመ። እነዚህ ያለ ቡድንና ያለ መሣሪያ በሰው ድምፅ ብቻ የተሠሩ ናቸው። የ1973ቱ ሸክላ የዚህ ፍለጋ መነሻ ነው። በዚያ ላይ ድምፁ ገና የሳሲን ቃላት ይሸከማል፤ ሆኖም ቃሉ ሲያልቅ ድምፁ አያልቅም፤ ከፊደሉ ተርፎ ይሄዳል። «ለሕዝብ ቀላል ይሁን» የሚሉት ወገኖች እዚህ ላይ ቢያዳምጡ ይጠቀሙ ነበር። ከቋንቋ በፊት ያለውን ድምፅ የማያውቅ ሕዝብ የለምና፣ አስተርጓሚ የማያሻው ከመፈክሩ ይልቅ ይህ ነበር።

አሬአ ከዚያ በኋላም ከሕዝብ ፊት አልራቀም። በሚላኖ ፓርኮ ላምብሮ በተደረጉት የወጣቶች ፌስቲቫሎች ተጫውቷል፤ በ1974 «ኢንተርናሲዮናል»ን በመሣሪያ ብቻ ተጫውቶ አሳትሟል፤ መጀመሪያ ሁሉም በሚያውቀው ዜማ፣ ከዚያም ዜማው እየተፈታታ። በሜዳ ላይ የተሰበሰበው ወጣት ሁለቱንም አዳመጠ። «ሕዝቡ አይገባውም» የተባለው ሙዚቃ በቲያትር አዳራሽ ለተመረጡ ሰዎች ሳይሆን በጭቃ ላይ ለቆመ ብዙኃን ነበር የቀረበው። የተባለው ትንቢት ቢሠራ ኖሮ ሜዳው ባዶ በሆነ ነበር።

በ1979 ስትራቶስ መቅኔው ደም መሥራት በሚያቆምበት ብርቱ የደም በሽታ ተያዘ። ሕክምናው ኒውዮርክ ነበር፤ ገንዘብ አስፈለገ። ባልደረቦቹ ለሰኔ 14 (እ.ኤ.አ.) በሚላኖ አሬና ኮንሰርት አዘጋጁ። ሮክ ተጫዋቹ፣ ጃዝ ተጫዋቹ፣ በአንድ ጊታር የሚዘፍነው የፖለቲካ ዘፋኝ፣ በውይይት መድረክ ላይ ለዓመታት «ቀላል ይሁን፣ ከባድ ይሁን» እያሉ የተናከሱት ሁሉ ስማቸውን አስመዘገቡ። ስትራቶስ ኮንሰርቱ ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሰኔ 13፣ በ34 ዓመቱ ዐረፈ። ኮንሰርቱ አልተሰረዘም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ መጣ፤ የአሬአ አባላትም ያለ ዘፋኛቸው መድረክ ላይ ወጡ።